አምስት ቁጥር ከአራት አይበልጥም

ባለፈው ወር ከሃይፋ በባቡር ተመልሼ አፉላ ጣቢያ ስወርድ የእህቴ ልጅ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። በአንድ እጁ አንድ ጠርሙስ፣ በሌላው እጁ ሌላ ጠርሙስ ይዟል። ሰላምታችንን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «አጎቴ፣ ከሁለቱ የትኛውን ላድርግ?» አለኝ። ልጁ በአንድ ሙሳኽ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ወደ ጣቢያው የመጣው እኔን ሊቀበል ብቻ አልነበረም፤ በማግስቱ ጠዋት የሚጠብቀው ሥራ እንቅልፍ እንደሚነሳው ስለገባው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሳኹ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ አገር የተሠራች ትንሽ ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ተቀብሏል። ኤም ጂ ቢ ትባላለች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚንከባከቧት። «ፍሬኗ ይታደስ፣ ዘይቱም ከሁሉ የሚበልጠው ዶት 5 ይሁን» ብለው ጠርሙሱን ራሳቸው ገዝተው አምጥተዋል። የሙሳኹ አለቃ ደግሞ ለልጁ «ከመደርደሪያው ያለውን አድርግ» ብሎት ወጥቷል። ከመደርደሪያው ያለው ዶት 4 ነው። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ያፍራል። ስለዚህ ሁለቱንም ጠርሙስ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ለእኛ ምናችን ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን በራችን ላይ ያለችው ማዝዳ ወይም ሃዩንዳይ ናት፤ እርሷም የልጅ ናት። ግን በዚያች አሮጌ መኪና ውስጥ የሚሄደው ዘይትና በእናንተ መኪና ውስጥ የሚሄደው ዘይት ሥራው አንድ ነው። ልዩነቱ አሮጌዋ መኪና ስህተትን አትሸከምም። እኔም ሃያ ዓመት በላይ በመኪና ጥገና ሠርቻለሁና በዚህ ጉዳይ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። እኛ «የፍሬን ዘይት» እንላለን፤ እዚህም በየሙሳኹ «ሼመን ብላሚም» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ያው ዘይት ማለት ነው። ነገር ግን ዘይት አይደለም። ከዘይት ጋር ዝምድና የሌለው፣ ከውሃ ጋር የሚዋሃድ ፈሳሽ ነው። እውነተኛ ዘይት፣ የሞተርም ይሁን የመሪ፣ ፍሬን ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። ጎሚኒ ያበጠበት ፍሬን ወይ ይዞ አይለቅም፣ ወይ ጨርሶ አይይዝም። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። እዚህ አገር በገባሁ በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ፣ ስሙን አሁን ባልጠራው አንድ ሙሳኽ ውስጥ፣ «ዘይት ጨምርበት» ተብዬ የሞተር ዘይት ፍሬኑ ውስጥ ጨምሬበታለሁ። ዕብራይስጡም ቋንቋው ያው «ሼመን» ነው፤ ማን ነገረኝ? በሁለተኛው ቀን የመኪናው አራቱም ጎማ ታስሮ ቆመ። ከፍሬን ማስተሩ ጀምሮ እስከ ኋላ ቱቦዎቹ ድረስ ጎማ የነካው ነገር ሁሉ ተቀየረ። ሂሳቡም ከደመወዜ ተቆረጠ። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ታዲያ ይህ ፈሳሽ ምንድን ነው? እናቶቻችን በክረምት አሞሌ ጨው እንዴት እንደሚያስቀምጡ ታስታውሳላችሁ። እርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ያልባል፣ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ጭስ ወደሚደርስበት፣ ወደ ምድጃው አጠገብ ያደርጉታል። የተለመደው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3ም ዶት 4ም፣ ጠባዩ እንደ አሞሌ ነው። እርጥበት ከአየር ይስባል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ውሃ እየጠጣ ይሄዳል፤ በመኪናው ውስጥም በቱቦው በኩል ቀስ እያለ ይጠጣል። ውሃ መጠጣቱ ብቻውን አይታይም፤ ፔዳሉ ያው ነው፣ መኪናው ያው ነው። ክፉው ቀን የሚመጣው ቁልቁለት ላይ ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ወደ 4 በመቶ ገደማ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ ውሃ ሲጠጣ 155 ነው። እነዚህ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣቸው ዝቅተኛ ልኮች ናቸው፤ «ዶት» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ መሥሪያ ቤት ስም ነው። ከናዝሬት ወደ ሸለቆው ስትወርዱ፣ ወይም ሰው ጭናችሁ በሐምሌ ፀሐይ ከጊልቦዓ ስትወርዱ፣ እግራችሁን ከፍሬን ካላነሳችሁ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ያልፋል። የጠጣው ውሃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን እንደ ተነፋ ፊኛ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉን ብትረግጡ ወለሉን ይነካል እንጂ መኪናው አይቆምም። አገር ቤት «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ ምንም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች በከባድ ማርሽ የሚወርዱት፣ መንገድ ዳር ቆመው ጎማውን የሚያቀዘቅዙት ለዚህ ነው። ሊማሊሞን የወረደ ሰውም ያውቀዋል።

ይህን ለልጁ ስነግረው ከጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ወደ ቤት ሸዓን የሚሄደው ባቡር ቆሞ የነበረ ሲሆን ሲነሳ ያን የታወቀውን «ፍስስ» የሚል የአየር ድምፅ አሰማ። «ይህን ሰማህ?» አልኩት። ባቡር የሚቆመው በአየር ነው፤ አሠራሩም ከመኪና ተገላቢጦሽ ነው። አየሩ ቱቦው ውስጥ ተሞልቶ ሲኖር ፍሬኑ ይለቃል፤ ቱቦው ቢቀደድና አየሩ ቢወጣ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ባቡሩ ሲበላሽ ይቆማል ማለት ነው። መኪና ግን ዘይቱ ሲያልቅበት ፍሬኑ ይጠፋል። በእናንተ አዳዲስ መኪናዎች ውስጥ መስመሩ ሁለት ስለሆነ አንዱ ቢፈስ ሌላው ትንሽ ይይዝላችኋል። በዚያች የ1960ዎቹ ኤም ጂ ግን አንድ ማስተር፣ አንድ መስመር ነው ለአራቱም ጎማ። አንድ ጎሚኒ ቢቀደድ ሁሉም ይሄዳል። ልጁ በእጁ የያዘው ነገር ይህ ነበር።

(ስለ ባቡሩ ካነሳሁ አይቀር፦ እኛ ከጎንደር ገጠር የመጣን ሰዎች «ባቡር» ስንል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የእህል ወፍጮ ነው። የአፉላ ባቡር ግን ዕድሜው ከከተማዋም ይበልጣል። ቱርኮች ከሃይፋ እስከ ደርዓ ያዘረጉት መስመር በ1905 ሥራ ጀምሮ በዚህ ያልፍ ነበር፤ ከ1948 ጦርነት በኋላ ተቋርጦ በ2016 በአዲስ ሐዲድ ተመለሰ።)

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱ የሚጨምር ይመስለዋል። 3 ርካሽ፣ 4 ደህና፣ 5 የሀብታም። ይህ ስህተት ነው። ከ3 ወደ 4 ሲኬድ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሻሻለው፤ ቢቀላቀሉም አይጣሉም። ዶት 5 ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሲሊኮን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሐምራዊ ቀለም አለው፤ ከሌሎቹ ጋር አይዋሃድም። ከዚያ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ዶት 5.1 የሚባል አለ። ስሙ 5 ይላል እንጂ ዘሩ የ4 ነው፤ ከ4 ጋር ይቀላቀላል፤ ከ5 ጋር አይቀላቀልም። ስም ያወጣው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር እንጃ።

የኤም ጂዋ ባለቤት ሲሊኮን የፈለጉበት ምክንያት የሞኝ ምክንያት አይደለም። የተለመደው የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ጠብታ መኪና ላይ ከወደቀና ወዲያው በውሃ ካልታጠበ ቀለሙ እንደ ቆዳ ይነሳል። ሲሊኮን ቀለም አይነካም። ውሃም አይጠጣም። ዓመቱን ሙሉ በሸራ ተሸፍና ለምትቆም፣ በዓል ሲመጣ ብቻ ለምትወጣ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእንግሊዝም በአሜሪካም የአሮጌ መኪና ወዳጆች በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል፤ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

የእኔ ፍርድ ግን ከመደርደሪያው ጠርሙስ ጋር ነው፤ ምክንያቴም ይኸው። ሲሊኮን ውሃ አይጠጣም ማለት ውሃ አይገባም ማለት አይደለም። ኑግ ዘይት ላይ ውሃ ጣል ብታደርጉ ከታች ይቀመጣል። ሲሊኮኑም ውስጥ የገባች ውሃ ዝቅ ወዳለው ቦታ፣ ወደ ጎማው ሲሊንደር ትወርዳለች። እዚያ ተቀምጣ ብረት ታዝጋለች፤ በ100 ዲግሪም ትፈላለች። ሁለተኛ፣ ሲሊኮን ትናንሽ የአየር አረፋ ይዞ አይለቅም፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፤ ሾፌሩም ፍሬኑ መቼ እንደሚይዝ አይተማመንም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ለዓመታት በተለመደው ዘይት የሠራን መኪና ወደ ሲሊኮን መቀየር ጠርሙስ መቀየር አይደለም። ቱቦው ሁሉ መታጠብና መድረቅ፣ ጎሚኒው ሁሉ አዲስ መሆን አለበት። አሮጌው ዘይት በጎሚኒው ውስጥ ጠጥቶ ቀርቷል፤ ከመስመሩም ጥግ ጥጉ ላይ አይጠፋም። ይህን ሁሉ አድርጎ፣ መኪናዋን ለኤግዚቢሽን ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ሲሊኮን ቢያደርግ አልጣላውም። እኚህ ሰው ግን ዓርብ ዓርብ የልጅ ልጃቸውን ይዘውባት ይወጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ የእነዚያን መኪናዎች ጎሚኒ ይመለከታል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፍሬን ሠሪዎች፣ ሎክሂድና ገርሊንግ፣ ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራ ጎሚኒ ይጠቀሙ ስለነበር ባለመኪናው ከእነርሱ ዘይት ሌላ እንዳያደርግ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር። ዛሬ የሚሸጠው መለዋወጫ ጎሚኒ ጥሩ ዶት 4 ይቀበላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዘይቱ የትኛው ነው?» ሳይሆን «ጎሚኒው መቼ ተቀየረ?» ነው። ልጁን ይህን ስጠይቀው ፊቱ በራ፤ «ሁሉም አዲስ ነው፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለኝ። እንግዲያው ዶት 4፣ ከታሸገ ጠርሙስ፤ በየዓመቱም ሆነ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ይቀየር። ቀለሟን ለመጠበቅ ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃና ጨርቅ አጠገቡ ያኑር።

የእናንተስ መኪና? መልሱ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። የዘይቱ መያዣ ክዳን ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል፤ እሱ የመኪናው ሕግ ነው። ኤ ቢ ኤስ ላለው ዘመናዊ መኪና ሲሊኮን አይሆንም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢላችሁ። ከቤት ጓዳ ዓመት የቆየ፣ ግማሽ የሆነ ጠርሙስ አውጥታችሁ አትጨምሩ፤ ዋጋው ጥቂት አሥር ሸቅል ነው፣ ይጣል። ወደ ኮካ ኮላ ጠርሙስም አትገልብጡት። አዲሱ ዘይት መልኩ እንደ ጠጅ ቢጫ ነው፤ መርዝም ነው፤ ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ። መያዣው ሲጎድል ደግሞ ዝም ብሎ መሙላት ብልሃት አይደለም። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ ይህ ያለ ነው። በድንገት ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነውና መኪናው ይቁም።

ሙሳኽ ስትሄዱም አታፍሩ። ዕብራይስጤ አይበቃም ብላችሁ ዝም አትበሉ። «የታሸገውን ጠርሙስ አሳየኝ፣ ዓይኔ እያየ ክፈተው» ማለት ስድብ አይደለም። ከሥራው በኋላ ኸሽቦኒት ተቀበሉ፤ ኸሽቦኒቱ ላይ የዘይቱ ዓይነትና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፍ። ብዙ አባቶች ቴስት ካለፈ መኪናው ጤነኛ ነው ብለው ያምናሉ። ቴስቱ ፍሬኑ በዚያች ደቂቃ፣ በዚያ ማሽን ላይ መያዙን ያያል። ዘይቱ ስንት ዓመት ውሃ እንደጠጣ፣ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ደመወዜ ልመለስ፤ ይህ ገጽ የሥራም ገጽ ነውና። ያን ጊዜ ሂሳቡ ከደመወዜ ሲቆረጥ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ከዓመታት በኋላ ነው ያወቅሁት፦ በዚህ አገር በ1958 የወጣ የደመወዝ ጥበቃ ሕግ አለ። ከደመወዝ ላይ ሊቆረጥ የሚችለውን ነገር ሕጉ ዘርዝሮ አስቀምጧል። ቀጣሪው ብቻውን «ይህን ያህል አበላሽተሃል» ብሎ የተመነው ጉዳት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የእህቴም ልጅ ያን ማታ ከሁሉ አብልጦ የፈራው ይህንኑ ነበር፦ «ከተሳሳትኩ ያስከፍሉኛል።» ልጆቻችሁ ሥራ ሲገቡ የወሩን ትሉሽ እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። ማንበቡ ቢከብዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ያልገባችሁ ቅናሽ ካለ እንደ ካቭ ላኦቬድ ያሉ የሠራተኛ መብት ድርጅቶች አሉ፤ ሂስታድሩትም አለ። ልጅ አለቃውን ፈርቶ ዝም ሲል ወላጅ አብሮ ዝም ማለት የለበትም።

ሌላው ነገር፣ ልጁ ሙሳኽ መግባቱን ስንሰማ እህቴ አልቅሳ ነበር። «ዘይት ለብሶ ሊኖር ነው» ብላ። ዩኒቨርሲቲ ነበር የምትመኝለት፤ እኔም አልቃወማትም። ግን የእጅ ሙያን እንደ ውርደት የምናይበት ዓይን ይገርመኛል። አገር ቤት ብረት ቀጥቅጠን፣ ሸክላ ሠርተን ያደርን እኛ አይደለንም እንዴ? ጎረቤት ሙያችንን እየፈለገ ሰዎቹን ግን ይንቅ ነበር። ያን ንቀት ይዘን መጥተን ለገዛ ልጆቻችን ማሳለፍ ምን ይባላል? በዚህ አገር 30 ዓመት ያለፈው መኪና «ሬኼቭ አስፋኑት» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ባለቤቶቹም ሥራውን የሚያውቅ እጅ ፈልገው ሩቅ ይሄዳሉ። አዳዲሶቹ መኪናዎች ወደ ኮምፒውተር ዞረዋል፤ ጎሚኒ በጣቱ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነው። የሙሳኽ የሙያ ኃላፊ ለመሆን ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በትምህርትና በልምድ ይገኛል። ልጁ እዚያ ድረስ ይሂድ እላለሁ።

እግረ መንገዴን ያነሳሁለት ታሪክም አለ። ከዚህ በባቡር ብዙም የማይርቀው ሃይፋ ውስጥ አውቶካርስ የሚባል ፋብሪካ ነበር። ሱሲታን የሠራው እሱ ነው። ያው ፋብሪካ ሪሊያንት ከሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ሆኖ «ሳብራ» የምትባል የስፖርት መኪና ሠርቶ በ1961 ኒው ዮርክ ትርኢት ላይ አቀረበ። ሞተሯ የእንግሊዝ ፎርድ፣ አካሏ ፋይበርግላስ ነው። ግመል ሱሲታን ይበላል እያሉ የሚቀልዱት ቀልድ የመጣው ከዚሁ ፋይበርግላስ ነው። ከእነዚያ ሳብራዎች ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ያሉ አሉ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን ፈለገ፤ «ይቺንም እንሠራታለን» አለ። ጠርሙሶቹን ረስቷቸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ከመንካቱ በፊት ለአለቃው በቃሉ እንዲነግረው መከርኩት፤ ባለቤቱን አልፎ የራሱን ምርጫ እንዳያደርግ። እንዳልኩትም አደረገ። አለቃው ሰምቶ ለባለቤቱ ደወለ። ሽማግሌው መጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ከልጁ ጋር ተከራከሩ፤ ስለ ውሃው፣ ስለ አረፋው፣ ስለ አንዱ መስመር ጠየቁት። በመጨረሻ «ለልጅ ልጄ ስል ይሁን፤ ግን ቀለሟ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳላይ» አሉ። ልጁ የመኪናዋን አፍንጫ ግራና ቀኝ በእርጥብ ፎጣ ሸፍኖ ሠራ። አየሩን ካስወጣ በኋላ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ረገጠው፤ ሦስቱንም ጊዜ ከፍ ብሎ ያዘ። በመያዣው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ቀኑንና «ዶት 4» የሚለውን ጻፈበት። ያልተከፈተውን የዶት 5 ጠርሙስ ሽማግሌው ይዘውት ሄዱ፤ ገንዘባቸውን ሊያስመልሱ።